ንስር የመቱት ጀግኖች፤ ከጋዜጣ ዓምድ እስከ ቴሌቪዥን መስኮት

በጃንዋሪ 1954 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሁለት የኩንግፉ መምህራን ማካዎ ውስጥ በተዘጋጀ መድረክ ላይ ፊት ለፊት ቆሙ። አንዱ በዕድሜ ጠና ያለው የታይ ቺ መምህር ዉ ጎንግዪ ሲሆን ሌላው በነጭ ሽመላ ስልት የሚታወቀው ወጣቱ ቻን ሃክ-ፉ ነበር። እንዲህ ያለው ግጥሚያ በእንግሊዞች ትተዳደር በነበረችው ሆንግ ኮንግ ስለማይፈቀድ ተመልካቹ ባሕር ተሻግሮ ፖርቱጋሎች ወደሚያስተዳድሯት ማካዎ ሄደ። ድብድቡ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ አሸናፊ ሳይታወጅ ተቋረጠ። የሆንግ ኮንግ ጋዜጦች ወሬውን ቀደም ብለው ሲያራግቡት ስለከረሙ ግን የሕዝቡ ጉጉት አልበረደም። ይህን ያየው የ«ኒው ኢቭኒንግ ፖስት» አዘጋጅ ሉዎ ፉ ከባልደረቦቹ አንዱን ጠርቶ የኩንግፉ ልብወለድ በተከታታይ እንዲጽፍለት ጠየቀው። በኋላ ሊያንግ ዩሸንግ በሚል የብዕር ስም የታወቀው ይህ ጋዜጠኛ በሦስት ቀን ውስጥ የመጀመሪያውን ክፍል ለኅትመት አበቃ።

ከሊያንግ ጋር ይሠራ የነበረ ዣ ሊያንግዮንግ የሚባል ሌላ ጋዜጠኛ ነበር። የተወለደው በ1924፣ በዠጂያንግ ክፍለ ሀገር ሃይኒንግ በምትባል ቦታ፣ በትምህርት ስሙ ከተጠራ ቤተሰብ ነው። ሆንግ ኮንግ የገባው በ1948፣ «ታ ኩንግ ፓኦ» በተባለው ጋዜጣ ሊሠራ ነው። በ1951 አባቱ አገር ቤት ውስጥ በባለመሬትነት ተከሶ በአዲሱ መንግሥት ተገደለ። የዚህን ሰው ልብወለዶች የሚያነብ ሁሉ አባት የሌላቸው ልጆች ለምን እንዲህ እንደሚበዙባቸው ሲያስብ ይህ ትዝ ሳይለው አይቀርም። በ1955 ተራው ደረሰውና ጂን ዮንግ በሚል የብዕር ስም የመጀመሪያውን ልብወለድ ጀመረ። መነሻው የትውልድ አገሩ ሰዎች ሲቀባበሉት የኖሩት አፈ ታሪክ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥት ቺያንሎንግ በትውልዱ የሃይኒንግ ልጅ ነው የሚለው።

ስሙን ያገነነው ሦስተኛ ሥራው ነው። «ንስር የመቱ ጀግኖች ታሪክ» በ«ሆንግ ኮንግ ኮሜርሻል ዴይሊ» ላይ ከ1957 እስከ 1959 ቀን በቀን ወጣ። ጂን ዮንግ መጽሐፉን ጽፎ ጨርሶ እየቆረጠ አልነበረም የሚያሳትመው፤ የዕለቱን ድርሻ ጽፎ ለአታሚ ያስረክባል፣ በማግሥቱ እንደገና ይቀመጣል። አንባቢው ነገም ጋዜጣ እንዲገዛ የዛሬው ድርሻ አንድ በር ከፍቶ ሳይዘጋው ማቆም አለበት። ይህን የዕለት ድርሻ ነገር አንባቢዬ ይያዝልኝ። ታሪኩ ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ በቴሌቪዥን እንደዚያ የሰመረው በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል።

ታሪኩ የሚጀምረው በደቡብ ሶንግ መንግሥት ዋና ከተማ በሊንአን፣ በዛሬዋ ሀንግዡ፣ አጠገብ ባለች መንደር ነው። በ1127 ጁርቸኖች ሰሜን ቻይናን ወርረው ሁለት ነገሥታት ማርከው ከወሰዱ ወዲህ አገሪቱ ለሁለት ተከፍላለች። ጉዎ እና ያንግ የሚባሉ ሁለት ወዳጆች ሚስቶቻቸው ነፍሰ ጡር ሳሉ ቺው ቹጂ የሚባል የታኦ መነኩሴ ይመጣና ለሚወለዱት ልጆች ያንን የውርደት ዘመን የሚያስታውስ ስም ያወጣል፤ ለአንዱ ጂንግ፣ ለሌላው ካንግ። ብዙም ሳይቆይ ወታደሮች በሌሊት መጥተው ሁለቱንም ትዳር ይበትናሉ። የጉዎ ሚስት ሊ ፒንግ ከብዙ መከራ በኋላ ሞንጎልያ ውስጥ በረዶ ላይ ትወልዳለች። የያንግ ሚስት ደግሞ የጁርቸን ልዑል ቤት ትገባለች። ስለዚህ ጉዎ ጂንግ በጄንጊስ ካን ሰፈር ከእረኞች ጋር ያድጋል፤ ያንግ ካንግ የወራሪው መስፍን ልጅ እንደሆነ አምኖ በሐር ተጠቅልሎ ያድጋል። መነኩሴው ከሰባት የደቡብ ጀብደኞች ጋር ይወራረዳል። እነሱ አንዱን፣ እሱ ሌላውን ፈልገው ያሠለጥናሉ፤ ልጆቹ 18 ዓመት ሲሞላቸው ጂያሺንግ ከተማ ባለ መጠጥ ቤት ተገናኝተው ይጋጠማሉ።

የጂን ዮንግ ድፍረት ያለው በጉዎ ጂንግ አፈጣጠር ላይ ነው። ልጁ አራት ዓመት እስኪሞላው አፉን አልፈታም። የተማረው አይገባውም፤ ሌላው በአንድ ቀን የሚይዘውን እሱ በወር አይጨብጠውም። መምህራኑ ተስፋ ቆርጠው ሊተዉት ይቃጣሉ። በአንድ ቀስት ሁለት ንስር የመታ ዕለት ጄንጊስ ካን ራሱ ቢያደንቀውም፣ ያ ቀስት የሺህ ቀን ልፋት ውጤት መሆኑን አንባቢ ያውቃል። ጂን ዮንግ ዘገምተኛ፣ ቃሉን የማያጥፍ፣ ተንኮል የማያውቅ ገበሬ ልጅ የዘመኑ ታላቅ ጀግና እንዲሆን አደረገ። ይህ ልጅ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ግን ልብወለዱ በከበደ ነበር፤ ደራሲው ይህን ስለሚያውቅ በዣንግጂያኮው ገበያ ሁዋንግ ሮንግን አመጣለት።

ይህን ትዕይንት ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ጉዎ ጂንግ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሞንጎልያ ወጥቶ ወደ ቻይና ሲገባ፣ በአንድ ምግብ ቤት በር ላይ ፊቱ ጥላሸት የለበሰ፣ ልብሱ የተቦጫጨቀ ልጅ አስተናጋጆች ሲገፈትሩት ያያል። አብሮት እንዲበላ ይጋብዘዋል። ልጁ ተቀምጦ ምግብ ቤቱ ሰምቶት የማያውቀውን የፍራፍሬ፣ የጣፋጭና የወጥ ዓይነት እየዘረዘረ ያዛል። ጨዋታው ደርቶ ምግቡ ሲቀዘቅዝ ይነሳና አዲስ ይሠራ ይላል። ሒሳቡ ከ19 ቴል ብር በላይ ሆኖ ይመጣል፣ ጉዎ ጂንግ ቅር ሳይለው ይከፍላል። ልጁ የበረደው ሲመስለው የጸጉር ካባውን አውልቆ ያለብሰዋል። በመጨረሻ ልጁ ሊፈትነው ብሎ ፈረስህን ስጠኝ ይለዋል፤ ያ ቀይ ፈረስ ለጉዎ ጂንግ ከሀብቱ ሁሉ የከበረ ነው፤ ቢሆንም ያለ ማመንታት ይሰጠዋል። ቆሻሻው ልጅ ይሄኔ ያለቅሳል። የታላቁ ሊቅ የሁዋንግ ያዎሺ ልጅ፣ ከአባቷ ተኳርፋ ከፒች አበባ ደሴት የጠፋችው ሁዋንግ ሮንግ ነች፤ ምንም ሳይጠብቅባት ደግ የሆነላት ሰው እስከዚያች ቀን አላየችም። ጉዎ ጂንግ ሴት መሆኗን የሚያውቀው በኋላ፣ ነጭ ልብስ ለብሳ በጀልባ ስትመጣ ነው።

ከዚያ ወዲያ ልቡን እሱ፣ ጭንቅላቱን እሷ ይዘው አብረው ይጓዛሉ። የለማኞች ማኅበር አለቃ የሆነውን ሆንግ ቺጎንግን ያገኙታል፤ ሆዱን ከመውደዱ የተነሣ አንድ ቁም ነገር አምልጦት፣ በንዴት የገዛ ጣቱን የቆረጠ ሽማግሌ ነው። ሁዋንግ ሮንግ በጭቃ ጠቅልላ የጠበሰችው ዶሮ ሽታው ይጠራዋል። እሷም ነገሩን ወዲያው ታውቃለች፤ በየቀኑ አዲስ ምግብ እየሠራች፣ ሽማግሌው ለጉዎ ጂንግ 18ቱን ዘንዶ አስገባሪ የመዳፍ ምቶች አንድ በአንድ እንዲያስተምረው ታደርጋለች። ከምግቦቿ አንዱ እንዲህ ነው፦ የአሳማ ታፋ ላይ 24 ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ከቶፉ ተቀርጸው የወጡ 24 ትናንሽ ኳሶች ይገቡበታል፣ በእንፋሎት ይበስልና ሥጋው ተጥሎ ጣዕሙን የመጠጠው ቶፉ ብቻ ይበላል። የኩንግፉ ልብወለድ ላይ እንዲህ ያለ የወጥ ቤት ጥንቃቄ ከጂን ዮንግ በፊት ማን አስቦት ያውቃል?

በሜይ 20 ቀን 1959 ጂን ዮንግ ከትምህርት ቤት ጓደኛው ጋር «ሚንግ ፓኦ» የተባለውን ጋዜጣ መሠረተ፣ የታሪኩን ተከታይም ከመጀመሪያው እትም ጀምሮ እዚያ ላይ ማውጣት ቀጠለ። ዋናው ታሪክ በዚያው ጊዜ በካንቶንኛ ፊልም ሆኖ ነበር። በ1972 የመጨረሻ ልብወለዱን ጨርሶ መጻፍ አቆመ፤ ቀጥሎ የድሮ ሥራዎቹን አንድ በአንድ እያረመ ማሳተም ያዘ። በጋዜጣው ቅጂ ቺን ናንቺን የምትባል እባብ አዳኝ ልጅ ነበረች፤ በእርማቱ ከታሪኩ ወጣችና ዕጣዋ የያንግ ካንግን ፍቅረኛ ሙ ኒያንቺን ደረሳት። ታሪኩን በቴሌቪዥን ያወቁት የኋላ ተመልካቾች ያገኙት ይህን የታረመውን ቅጂ ነው።

መጽሐፉ በቻይናውያን ዓለም ሁሉ በነጻነት አልተነበበም። በዋናው ቻይና የኩንግፉ ልብወለድ እንደ አሮጌው ዘመን ቅሪት ታይቶ ተዘግቶበት ነበር። ታይዋን ውስጥ ደግሞ ርዕሱ ንስር ስለመምታት የሚናገረውን የማኦን ግጥም ያስታውሳል ተብሎ ታገደ። ታይዋን በሩን የከፈተችው በ1979 ነው። በ1981 ጂን ዮንግ ቤጂንግ ላይ ከዴንግ ሺያዎፒንግ ጋር ተገናኘ፣ ከዚያ በኋላ በዋናው ቻይናም መጽሐፎቹ ቀስ በቀስ በይፋ መውጣት ጀመሩ።

ወደ ቴሌቪዥን ለመጀመሪያ ጊዜ ያመጣው በ1975 የተከፈተው ሲቲቪ የተባለ ትንሽ የሆንግ ኮንግ ጣቢያ ነው። በ1976 ባይ ቢያዎን ጉዎ ጂንግ፣ ሚ ሹዌን ሁዋንግ ሮንግ አድርጎ ሠራው፤ ተመልካችም ወደደለት። ጣቢያው ግን ገንዘብ አጥሮት በ1978 ተዘጋ። ትልቁ ጣቢያ ቲቪቢ ትምህርቱን ቀሰመና የጂን ዮንግን ሥራዎች በተከታታይ ማዘጋጀት ያዘ። በ1983 ተራው የ«ንስር የመቱ ጀግኖች» ሆነ።

ፕሮዲውሰሩ ዎንግ ቲን-ላም በካንቶንኛ ፊልም ዘመን የተፈተነ አዛውንት ባለሙያ ነበር። ታሪኩን በሦስት ምዕራፍ፣ በድምሩ በ59 ክፍል አዘጋጀው። ለጉዎ ጂንግ የተመረጠው በጣቢያው ማሠልጠኛ የወጣው ፌሊክስ ዎንግ ነው፤ ፊቱ ላይ የሚታየው ቅንነት ለዚህ ሚና የተፈጠረ ይመስላል። ያንግ ካንግን መልከ መልካሙ ማይክል ሚው ወሰደው። ሁዋንግ ያዎሺን ኬኔት ጻንግ፣ ሆንግ ቺጎንግን ላው ዳን ተጫወቱ። ገና ማንም የማያውቀው ስቲቨን ቾው እንኳ ስም የሌለው ወታደር ሆኖ ለአፍታ ብቅ ብሎ ይገደላል፤ በኋላ የሆንግ ኮንግ ኮሜዲ ንጉሥ የሆነው ሰውዬ ማለት ነው።

ለሁዋንግ ሮንግ የተመረጠችው ባርባራ ዩንግ ነበረች። ሆንግ ኮንግ ተወልዳ በወጣትነቷ ወደ እንግሊዝ የሄደች፣ በካምብሪጅ አካባቢ የኖረች፣ ለንደን ውስጥ ሥነ ጥበብ የተማረች ልጅ ነች። በ1982 ለሚስ ሆንግ ኮንግ ተወዳደረች፤ አላሸነፈችም፣ ጣቢያው ግን ቀጠራት። ገና ጀማሪ ነበረች። ካሜራ ፊት ስትቆም ግን ያቺ የተሞላቀቀች ብልህ ልጅ ሕይወት ዘራች። ዓይኗ ከንግግሯ ቀድሞ ያስባል፤ ሰው ስታታልል ጥርሷን ገለጥ አድርጋ ትስቃለች፤ ጉዎ ጂንግ ሲዘገይባት ትቆጣና እዚያው ላይ ትራራለታለች። ከፌሊክስ ዎንግ አጠገብ ስትቆም እሷ አሥር ቃል ተናግራ እሱ አንድ ቃል ይመልሳል፣ ያቺው አንዷ ቃል ግን ትመዝናለች።

ሙዚቃውን ጆሴፍ ኩ ደረሰ፤ ለሦስቱም ምዕራፍ የተለያየ መግቢያ ዘፈን ነበረው፣ ሁሉንም ሮማን ታምና ጄኒ ጼንግ እየተቀባበሉ ዘፈኑት። በመጀመሪያው ዘፈን ላይ የኅብረ ዝማሬው ድምፅ ሲነሣ ሜዳና ፈረስ ይታያል፣ ሰማይ ይሰፋል።

ድራማውን ሰሞኑን ደግሜ ሳየው ጉድለቱን መደበቅ አልቻልኩም። ተራራው ከስቱዲዮ ግድግዳ ጋር የተለጠፈ ሥዕል ነው፣ ድንጋዩ ሲረገጥ የባዶ ዕቃ ድምፅ ያሰማል። ዊጉ ግንባር ላይ የሚያበቃበት መስመር ይታያል። ሰፊው የሞንጎልያ ሜዳ ጥቂት ፈረስና ጥቂት ድንኳን ሆኖ ቀርቷል። ሆኖም በሦስተኛው ክፍል ገደማ ይህን ሁሉ ማየት ተውኩ። ዎንግ ቲን-ላም ገንዘብ ስላልነበረው ካሜራውን ሰው ፊት ላይ አስጠግቶ አቆመ፤ ጂን ዮንግ የጻፈው ደግሞ ከሁሉ በላይ የሰው ፊት ነው። ከዚህም በላይ ድራማው በየምሽቱ እየተቆራረጠ የቀረበ ነው። ሐሙስ ማታ አንዱ ገደል አፋፍ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ዓርብ ማታ ይወጣል። ከ1957 ጀምሮ አንባቢው በየጠዋቱ በጋዜጣ ሲቀምሰው የኖረው ይኸው ነበር። ታሪኩ መጽሐፍ ሆኖ ሲጠረዝ ያጣውን የዕለት ድርሻ ቴሌቪዥኑ መለሰለት። ተመልካች ባለታሪኮቹን ከራት በኋላ ለወራት ቤቱ እያስገባ እንደ ጎረቤት ለመዳቸው፤ በሁለት ሰዓት ፊልም እንዲህ ያለ ዝምድና አይገኝም።

ያንግ ካንግም በዚህ መንገድ ተጠቀመ። መጽሐፉ ላይ ይህ ሰው በአብዛኛው ክፉ ነው። በማይክል ሚው ፊት ላይ ግን አሳደገኝ የሚለውን አባት መካድ ያቃተው፣ የወለደውን አባት ደግሞ ድሃ ሆኖ ሲያገኘው ያፈረበት ወጣት ይታያል። ሙ ኒያንቺ ስትለምነው ሊመለስ ይቃረባል፣ ተመልሶ ይንሸራተታል። በየምሽቱ ዛሬስ ይመለስ ይሆን ብሎ የጠበቀ ተመልካች ሞቱን በቀላሉ አላየውም።

በመጨረሻው ምዕራፍ ጄንጊስ ካን ወደ ደቡብ ሊዘምት መወሰኑን ጉዎ ጂንግና እናቱ ያውቃሉ። ሊ ፒንግ ልጇ በእሷ ምክንያት አገሩን እንዳይከዳ ራሷን ትሠዋለች። ጉዎ ጂንግ በኋላ ካኑን በሕይወቱ ማምሻ ያገኘዋል። ካኑ ያስገበረውን ምድር ስፋት ሲቆጥር፣ ያ ቃል የማያውቀው ልጅ ስንት ሰው ሞተበት ብሎ ይጠይቀዋል፤ ጀግና የሚባለው ሕዝብ የወደደው ነው ይለዋል። ፌሊክስ ዎንግ ይህን የሚናገረው ድምፁን ሳያነሣ ነው። እንደ ልማዱ ቃል እየፈለገ፣ ቀስ ብሎ።

ድራማው ሆንግ ኮንግን አጥለቀለቀ፤ በዚያው ዓመት ተከታዩ ታሪክ አንዲ ላውን ይዞ በዚያው ጣቢያ ወጣ። በ1985 ገደማ «ንስር የመቱ ጀግኖች» በማንደሪን ተተርጉሞ በዋናው ቻይና ታየ። ቴሌቪዥን ያለው ቤት ጎረቤቱን ሁሉ የሚያስተናግድበት ዘመን ነበር። ልጆች የጉዎ ጂንግንና የሁዋንግ ሮንግን ምስል ደብተራቸው ላይ ለጠፉ፣ ካንቶንኛ የማያውቅ ሰው ዘፈኑን በድምፅ ብቻ ሸምድዶ ዘፈነ። በሜይ 14 ቀን 1985፣ 26 ዓመት ከሞላት ሳምንት ሲሆን፣ ባርባራ ዩንግ ሞተች። አስከሬኗ ተቃጥሎ አመዱ ወደ ካምብሪጅ ተወሰደ። በዋናው ቻይና ብዙ ሰው ሁዋንግ ሮንግን የተዋወቃት ልጅቷ ከሞተች በኋላ ነው። ይህ ድራማውን ለሚወድ ሰው እስከ ዛሬ የሚከብድ ነገር ነው፤ ስትስቅ እያየህ መሞቷን ታውቃለህ።

ከዚያ በኋላ የመጡትን በፍጥነት ልለፋቸው። በ1988 ታይዋን፣ በ1994 ቲቪቢ ራሱ እንደገና ሠሩት። በ2003 ዣንግ ጂዦንግ የተባለው የዋናው ቻይና ፕሮዲውሰር እውነተኛ የሣር ሜዳ፣ እውነተኛ ፈረስ ይዞ መጣ፤ ሊ ያፔንግና ዦው ሹን መሪ ተዋንያን ነበሩ። ለዚያ ሥራ ዦውሻን አጠገብ ባለችው እውነተኛዋ ፒች አበባ ደሴት ላይ የተገነባው የፊልም መንደር ዛሬ የጎብኚ መዳረሻ ነው። በ2008 ሁ ጌ ሚናውን ያዘ። ሜዳው እየሰፋ፣ ልብሱ እያማረ ሄደ፤ ካሜራው ግን ከፊት እየራቀ ሄደ፣ እኔም በዚያው ልክ ከባለታሪኮቹ ራቅኩ።

የ2017ቱ በ52 ክፍል የተሠራው ግን የተለየ ነበር። ያንግ ሹዌንና ሊ ዪቶንግ የተባሉ ብዙም ስም ያልነበራቸው ወጣቶች ተመረጡ፤ የጆሴፍ ኩ የ1983 ዜማ በመግቢያው ተመለሰ። የሁዋንግ ሮንግን አባት ማይክል ሚው ተጫወተ። የያኔው ሐር ለባሽ ከሃዲ ወጣት ሽበት ገብቶት፣ ዋሽንቱን ይዞ የፒች አበባ ደሴት ጌታ ሆነ። አዘጋጆቹ ከ1983 የተማሩት ዋናው ነገር ጊዜ መስጠት ነው፤ የዣንግጂያኮው ምግብ ቤት ትዕይንት ሳይጣደፍ ይሄዳል፣ ጉዎ ጂንግ ካባውን ሲያወልቅ ለማየት ተመልካች ይደርሳል።

ጂን ዮንግ በኦክቶበር 30 ቀን 2018 በ94 ዓመቱ ሆንግ ኮንግ ውስጥ አረፈ። ያንኑ ዓመት የመጽሐፉ የመጀመሪያ ቅጽ በእንግሊዝኛ ታትሞ ወጥቶ ነበር። በ2025 የቻይናውያን አዲስ ዓመት ጹይ ሃርክ የመጨረሻውን ክፍል ብቻ ወስዶ ሺያዎ ዣንን ጉዎ ጂንግ ያደረገበትን ፊልም ለሲኒማ አበቃ። ጦርነቱ ግዙፍ ነው፣ ጄንጊስ ካንም ያስፈራል። ሁዋንግ ሮንግ ቶፉ የምትቀርጽበት ጊዜ ግን ፊልሙ ውስጥ የለም፤ ስለዚህ ሁለቱ ሲለያዩ ለምን እንደሚያም ቀድሞ ታሪኩን ያላወቀ ተመልካች ሊገባው አይችልም።

ታሪኩን ገና መጀመር የሚፈልግ ካለ በ1983ቱ ይጀምር። የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች የወላጆቹን ዘመን ስለሚተርኩ ዝግ ይላሉ፤ ታግሦ ይለፋቸው። በአንድ ቀን አሥር ክፍል ከማየት በየምሽቱ አንድ ወይም ሁለት ቢያይ ይሻላል፤ የተሠራውም ለዚያ ነው።